ለዘፋኟ የተጻፈው ሁሉ
በሳጉሬ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር

  ሰብል በሚሰበሰብበት ሰሞን፣ የጭላሎ ብርድ ሰውን ወደ ምድጃ በሚጠራበት ሰዓት፣ ከሞተች ከ130 ዓመት በላይ ስለሆናት የሩቅ አገር ዘፋኝ ለመስማት መምጣት ቀላል ነገር አይደለም። 

ዘፋኟ ጄኒ ሊንድ ትባላለች፤ ስዊድናዊት ናት። ስዊድን ደግሞ ለአርሲ ሰው ባዕድ ስም አይደለም። የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ሁላችሁም ‹ካዱ› የምትሉት፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በ1967 አሰላ ላይ ሥራ ሲጀምር ያዩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ምርጥ ዘሩንና ማዳበሪያውን በምስጋና የሚያነሱ አሉ፤ ትራክተር ሲመጣ ከመሬቱ የተነቀለውን ጭሰኛ የሚያስታውሱም አሉ፤ ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ስንዴ አልናገርም። የምናገረው የእነዚያ ስዊድናውያን ቅድመ አያቶች ስላበዱላት ድምፅ፣ ይልቁንም ለዚያ ድምፅ በእጅ ስለተጻፈው ደብዳቤ፣ ግጥምና ማስታወሻ ነው።

ዓላማዬ አንድ ነው። ለታዋቂ ሰው የሚጻፍ ውዳሴ ስለ ተወዳሹ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ጸሐፊው የሚነግረን ይበዛል ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም በጄኒ ሊንድ ታሪክ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። በመጀመሪያ ማን እንደነበረች ባጭሩ እነግራችኋለሁ። ከዚያ የአድናቂዎቿ ጽሑፍ ስለ ድምጿ ምን ያህል ሊመሰክር እንደሚችል እንመዝናለን። ቀጥሎ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ምን ፈልገው እንደጻፉ እናያለን፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። በመጨረሻም ወረቀቱን ማን እንዳስቀመጠውና ብዕር ያልጨበጠው አድናቂ የት እንደገባ ጠይቄ ወደ ራሳችን ቤት እመለሳለሁ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ጄኒ ሊንድ በ1820 ስቶክሆልም ውስጥ ተወለደች። እናትና አባቷ ሲወልዷት በሕግ አልተጋቡም ነበር፤ እናቷ የሌሎች ሰዎችን ልጆች እያስተማረች ነበር የምትኖረው፤ ልጅነቷም የደስታ ልጅነት አልነበረም። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ለድመቷ ስትዘፍን፣ ሉንድበርግ የምትባል የኦፔራ ቤት ደናሽ የቤት ሠራተኛ በዚያ ስታልፍ ሰማቻት። ሠራተኛዋ ቤት ገብታ ለእመቤቷ ነገረች። እመቤቲቱ ልጅቷን አስጠርታ ብታዘፍናት ነገሩ እንደተባለው ሆኖ አገኘችው፤ ልጅቷም ብዙ ሳትቆይ በንጉሣዊው ቴአትር ትምህርት ቤት ገብታ በቴአትር ቤቱ ወጪ ትማር ጀመር። ይህችን የቤት ሠራተኛ ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እፈልጋታለሁ።

ኦፔራ ማለት፣ ለማታውቁት ልጆች፣ ተዋናዮቹ ከመናገር ይልቅ እየዘፈኑ የሚጫወቱት ተውኔት ነው። ማጉያ የለም፤ ዘፋኙ አጠገቡ ከሚጫወተው የሙዚቃ ጓድ በላይ ተሰምቶ የመጨረሻው ወንበር ድረስ መድረስ አለበት። ሊንድ በ1838 በዚያ መድረክ ላይ ወጣች፤ ስቶክሆልም በአንድ ምሽት የእሷ ሆነች። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን በሥራ ብዛትና በአጉል አዘፋፈን ድምጿ ተጎዳ። በ1841 ፓሪስ ሄዳ ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ ስመ ጥር መምህር ዘንድ ብትቀርብ፣ ለስድስት ሳምንት ዘፈን ቀርቶ ከንግግርም እንድትቆጠብ አዘዛት። ከዚያ በኋላ ከሀሁ ጀምሮ አስተማራት። የተፈወሰው ድምፅ ነው ኮፐንሐገንን፣ በርሊንን፣ ቪየናን፣ በ1847 ደግሞ ለንደንን ያሳበደው። በ1849፣ ገና በ28 ዓመቷ፣ ኦፔራን ተወች፤ ከዚያ ወዲያ በኮንሰርት ብቻ ነበር የምትዘፍነው። ከ1850 እስከ 1852 አሜሪካን ዞረች፤ ቦስተን ውስጥ ኦቶ ጎልድሽሚት የተባለ ፒያኖ ተጫዋች አገባች፤ ኑሮዋን በእንግሊዝ አድርጋ በ1887 አረፈች። ስዊድን በ1996 ባወጣችው የ50 ክሮነር ኖት ላይ መልኳን አትማለች።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንግባ፤ የአድናቂዎቿ ጽሑፍ ስለ ድምጿ ምን ያህል ይመሰክራል? ኤዲሰን ድምፅ መቅረጫውን የሠራው በ1877 ነው። ሊንድ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ኖራለች፤ ነገር ግን ድምጿ የተቀረጸበት ሸክላም ሆነ ሌላ ነገር ለእኛ አልደረሰም። ከእሷ በኋላ የነገሠችው አዴሊና ፓቲ ዕድሜዋ ከ60 ካለፈ በኋላ በ1905 ተቀርጻለች፤ ድምጿ ቢደክምም እንሰማታለን። የእኛው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እንኳን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመን አገር ላይ በሸክላ ያስቀረጹት ዘፈን ዛሬ ይደመጣል። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ምን ዓይነት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢኖር ስልክ አውጥቶ መልሱን ያገኛል። የሊንድን ድምፅ የሚጠይቅ ግን ወረቀት ከማገላበጥ ሌላ ምርጫ የለውም።

ወረቀቱ ደግሞ ሞልቷል። ችግሩ አብዛኛው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አንዱ መልአክ ይላታል፤ ሌላው ናይቲንጌል በምትባለው በሌሊት በምትዘምር ወፍ ይመስላታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ያደርጋታል። አንድ ዳኛ አሥር ምስክር ጠርቶ አሥሩም በአንድ ቃል አንድ ነገር ቢሉለት፣ ምስክርነቱን ሳይሆን ምስክሮቹ የት እንደተገናኙ ነው የሚመረምረው። ‹የስዊድን ናይቲንጌል› የሚለው ስም ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ የጻፈ ሰው ጆሮው የሰማውን ይጻፍ ዓይኑ ያነበበውን፣ ለመለየት ይቸግራል።

ይሁን እንጂ ከክምሩ ውስጥ ሚዛን የሚደፉ ጥቂት ገጾች አሉ። እኔ የማምናቸው እሷ እንድታነባቸው ያልተጻፉትን ነው። ሾፓን፣ የታወቀው ፖላንዳዊ የፒያኖ ደራሲ፣ በ1848 ለንደን ላይ ሰምቷት ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ይህች ስዊድናዊት በተለመደው ብርሃን እንደማትታይ፣ በሰሜን ዋልታ ሰማይ ላይ በክረምት ሌሊት በሚታየው ብርሃን የተከበበች እንደምትመስል ይናገራል። እስከዚህ ድረስ ያው ውዳሴ ነው። ቀጥሎ ግን ቃናዋ የማይዛነፍ፣ የጠራና እርግጠኛ መሆኑን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስትዘፍን የሚሰማው ውበት በቃል እንደማይገለጽ ይጽፋል። ይህ የባለሙያ ምስክርነት ነው። ሾፓን ራሱ ፒያኖውን በለሆሳስ በመጫወት የታወቀ ሰው ስለነበር፣ ከአዳራሹ ጭብጨባ ውስጥ ለይቶ የያዘው የሚወደውን ነገር እንደሆነ መርሳት የለብንም፤ ቢሆንም የሚጨበጥ ነገር ሰጥቶናል።

ከሾፓን የሚበልጥብኝ የራሷ የሊንድ ደብዳቤ ነው። ፓሪስ ሳለች ወደ አገሯ ስትጽፍ፣ ከመምህሯ ዘንድ የምትውልበትን ሥራ ትዘረዝራለች፦ የዜማውን መሰላል ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በዝግታና በብዙ ጥንቃቄ መውጣትና መውረድ፤ የድምፅ ማርገብገቡንም እጅግ አዝግሞ መለማመድ። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በማስታወሻ ደብተሯ ያደነቀችው ለስላሳ ከፍተኛ ድምፅ የተገኘው ከዚያ አሰልቺ ልምምድ ነው። እናንተ ይህንን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ከአሰላ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ከበቆጂ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ የወጡበት አገር ሰው፣ ሜዳሊያው ቴሌቪዥን ላይ ከመታየቱ በፊት በጭጋግ የሚሮጠውን ሯጭ በዓይኑ ያየዋል። ለኃይሌ የተጻፈ ግጥም ስለ ንስርና ስለ አንበሳ ያወራል፤ ስለ ትንፋሽና ስለ ጫማ የሚያወራው አሠልጣኙ ነው።

የማይስማማ ምስክርም መደመጥ አለበት። አሜሪካዊው ገጣሚ ዋልት ዊትማን ኒውዮርክ ላይ ሰምቷት፣ ያ ሁሉ ጥበቧ ልቡን ጨርሶ እንዳልነካው በጋዜጣ ጽፏል። የጣሊያኖቹን ዘፋኞች የሚወድ ሰው ነበር፤ ሊንድ በረዶ ሆነችበት። ሾፓን የጠራ ያለውንና ዊትማን የቀዘቀዘ ያለውን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፣ ሁለቱ ስለ አንድ ድምፅ እንደሚናገሩ ይገባናል፤ እኔ እንዲያውም በመካከላቸው ቆሜ ድምጿን ልሰማ የደረስኩ ይመስለኛል። ሌሎቹ መቶ የመልአክ ደብዳቤዎች እዚህ አያደርሱኝም።

እነዚያ መቶ ደብዳቤዎች ታዲያ ምን ይሠራሉ? ስለ ድምፁ ካልነገሩን ስለ ምን ይነግሩናል? ይህ ሁለተኛው ጥያቄዬ ነው።

ከአንድ ሰው ልጀምር። ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን፣ የተረቶቹ ደራሲ፣ ዴንማርካዊ ነበር፤ የድሃ ጫማ ሰፊ ልጅ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ መልከ መልካም ያልሆነ፣ በቀላሉ የሚከፋው ሰው። በ1843 ሊንድ ኮፐንሐገን መጥታ ስትዘፍን ፍቅር ያዘው። በየቀኑ ቴአትር ቤት ሄደ፣ ግጥም ላከላት፣ ስጦታ ላከላት። ከተማውን ለቃ ስትሄድ ደብዳቤ በእጇ አስጨበጣት፤ በማስታወሻውም ላይ ይህንን ደብዳቤ ልትረዳው እንደሚገባ መዝግቦአል። እሷ የተረዳች አልመሰለችም፤ ወይም ተረድታ እንዳልተረዳች ሆነች። ወንድሜ ትለው ነበር። በፍቅር የተያዘ ሰው ከሚሰማቸው ቃላት ሁሉ ይህን ያህል የሚከብድ ያለ አይመስለኝም፤ ከእናንተ መካከል የደረሰበት ካለ ይመስክር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1845 ገና፣ ሁለቱም በርሊን ነበሩ። አንደርሰን ሊንድ ለበዓሉ ዋዜማ ትጠራኛለች ብሎ ከሌላ ቦታ የመጡለትን ግብዣዎች ሁሉ መለሰ። ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ፤ የጠራው የለም፤ መስኮቱን ከፍቶ ከዋክብቱን እያየ አመሸ። ይህንን የሚነግረን ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ነው። ሊንድ እሱን የሚያክል ሰው በዚያ ምሽት መሳፍንት ቤት እንደሚሆን ነበር የገመተችው። ነገሩን ስትሰማ አዘነች፤ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዋዜማ ለእሱ ብቻ ብላ የገና ዛፍ አስጌጣ አበራችለት።

ያ ያልተመለሰ ፍቅር ምን ወለደ? በ1843 መኸር፣ ሊንድ ከሄደች በኋላ ባለው ወር፣ አንደርሰን ስለ ቻይና ንጉሠ ነገሥትና ስለ ናይቲንጌሏ የሚተርከውን ተረት በሁለት ቀን ጻፈው። ብዙ አንባቢ እንደሚያውቀው ቤተ መንግሥቱ በአልማዝ የተለበጠች ሰው ሠራሽ ወፍ ተሰጥቶት እውነተኛይቱን ይረሳታል፤ ሞት በንጉሡ ደረት ላይ ሲቀመጥ ግን መጥታ የምታድነው እውነተኛይቱ ናት። ለሊንድ የጻፋቸው ግጥሞች ዛሬ የሚያነባቸው ተመራማሪ ብቻ ነው፤ እሷን ሳይጠራ የጻፈው ተረት ግን ዓለምን አዳረሰ። እኔ ይህንን የማየው እንዲህ ነው፦ ደብዳቤው መልስ ይጠይቅ ስለነበር መልሱ ሲቀር እሱም ቀረ፤ ተረቱ ግን ከእሷ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ፌሊክስ ሜንደልሰን ሌላ ዓይነት አድናቂ ነው። ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ፣ ባለ ትዳር፣ በዘመኑ እጅግ የተከበረ ሰው። ከሊንድ ጋር ከ1844 ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። እኔ ግን ከደብዳቤዎቹ ይልቅ ለእሷ የጻፈው ትልቁ ውዳሴ የዜማ ምልክት ነው እላለሁ። ‹ኤልያስ› የተባለውን ታላቅ የመዝሙር ድርሰቱን ሲያዘጋጅ፣ የከፍተኛዋን ሴት ድምፅ ክፍል የሊንድን ድምፅ እያሰበ ነው የጻፈው፤ ከጉሮሮዋ እጅግ አምሮ የሚወጣውን ከፍተኛ ድምፅ ለይቶ ያውቅ ስለነበር እዚያ ላይ አቆማት። የናይቲንጌል ምሳሌ የለም፣ መልአክ የለም። ድምጿ የት እንደሚያምር የሚያውቅ ሰው እጅ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ቅድም ስለ ምስክርነት ያነሳሁት ጥያቄ እዚህም ይመለሳል፤ የሜንደልሰን ኖታ ውዳሴም ምስክርነትም ሆኖ የተገኘ ብርቅ ወረቀት ነው።

ድርሰቱ በ1846 በርሚንግሃም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ሊንድ አልነበረችም፤ ሌላ ዘፋኝ ዘፈነችው። ሜንደልሰን በ1847 በ38 ዓመቱ ሞተ። ሊንድ በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ላይ ‹ኤልያስ›ን በበጎ አድራጎት ዘፈነችው፤ የተገኘውም ገንዘብ በሜንደልሰን ስም ለሚሰጥ የትምህርት እርዳታ መነሻ ሆነ። በ1856 የመጀመሪያው ተጠቃሚ አርተር ሰሊቫን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ በኋላ በእንግሊዝ የታወቀ የሙዚቃ ደራሲ ወጣው።

ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ በጅምላ የሚጻፈው ውዳሴ ነው። ባርነም የተባለው አሜሪካዊ የትርዒት ነጋዴ ሊንድን ወደ አሜሪካ ለማስመጣት ሲዋዋል ድምጿን አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ስሟ በቂው ነበር። ለአንድ ምሽት 1,000 ዶላር ሊከፍላት ተስማማ። ከመምጣቷ በፊት አሜሪካን ሰላም ለምትልበት መዝሙር አሸናፊውን ግጥም ለሚጽፍ 200 ዶላር ሽልማት አውጆ ውድድር ከፈተ። ከ700 በላይ ግጥሞች ጎረፉ። እስቲ አስቡት፤ ከ700 በላይ ሰው ሰምቶት ለማያውቀው ድምፅ ብዕሩን አነሳ። አሸናፊው ቤያርድ ቴይለር የተባለ ወጣት ገጣሚ ሆነ፤ ዳኞቹ የሥራ ባልደረቦቹና ወዳጆቹ ናቸው ተብሎ ሐሜቱ ወዲያው ተነሳ። በዚያው ዓመት አንድ ቀልደኛ የተሸነፉትን ግጥሞች የሚያስመስል የፌዝ መጽሐፍ አሳትሞ አገር አሳቀ። የመጀመሪያው ኮንሰርት አንደኛ ቲኬት በጨረታ ሲሸጥ ደግሞ ጄኒን የተባለ የባርኔጣ ነጋዴ በ225 ዶላር ገዛው፤ ስሙ በየጋዜጣው ወጣለት፣ ባርኔጣውም ተሸጠለት። ከግጥም ጸሐፊዎቹ ሁሉ እሱ ምን እንደሚፈልግ በግልጽ ያሳየ ሰው ስለሆነ እኔ አልንቀውም።

ባርነም ራሱ እንደመዘገበው ከ90 በላይ ከሆኑት ኮንሰርቶች የገባው ገንዘብ ከ700,000 ዶላር በላይ ነበር፤ የሊንድ ድርሻ ወደ 176,000 ዶላር ደረሰ፤ እሷም ብዙውን ለበጎ አድራጎት ሰጠችው። ይህንን ያነሳሁት ማለፍ ስላልፈለግሁ እንጂ ዋናው ነገሬ ሆኖ አይደለም። ነገሬ በትእዛዝ የሚጻፍ ውዳሴ ለእኛም እንግዳ አለመሆኑ ነው። በዘውዱ ዘመን ሐምሌ 16 ሲደርስ ለንጉሠ ነገሥቱ ልደት ግጥም የጻፈ የዛሬ ሽማግሌ በዚህ አዳራሽ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ነገር ግን የግጥም መድረክ ባለቤቱ እንደፈለገው ብቻ አይሄድም። በ1961 ተማሪው ታምሩ ፈይሳ ‹ደሃው ይናገራል› የሚለውን ግጥሙን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የግጥም ውድድር ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ሲያነብ፣ ሙገሳ የለመደው መድረክ ስለ ረሀብተኛው ሲነገርበት ሰማ። ከባርነም 700 ተወዳዳሪዎች ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ እንኳን ቢኖር ፌዘኛው መጽሐፉን ለማሳተም ይቸገር ነበር።

ስለ ነገሥታት ውዳሴ ካነሳን፣ የፓቲ ማራገቢያም ይነሳል፤ የአውሮፓ ዘውዳውያን በየተራ አድናቆታቸውን እንደጻፉበት የዘመኑ ጋዜጦች ደጋግመው አውርተውለታል። ዘውድ የጫነ ሰው ማራገቢያ ላይ ሲጽፍ ከሱ በፊት የጻፈውን ዘውድ እያየ ነው፤ ከዚህ በላይ አልልም።

ወጣቶቹ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ምክንያቱም ይገባኛል፤ ከስምንተኛ ወይም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትለያዩ የምታዞሩት የኦቶግራፍ ደብተር እንዲሁ ነው። ሙሉ ስም፣ የቤት ስም፣ የምትወደው ቀለም፣ የምትወደው ምግብ፣ ‹ለእኔ ያለህ ምክር›። በአራት ቀለም እስክሪብቶ የተሳለ ጽጌረዳ፣ ጥግ ላይ የታጠፈች ቅጠል፣ በላይዋ ‹እዚህ እንዳትከፍቺ› የሚል ማስጠንቀቂያ፤ ከሥሯ ያለችው ደግሞ ደፍሮ ያልተነገረችው ነገር። የደብተሩ ባለቤት ስለራሷ የምታነበው ሁሉም ገጽ ላይ አንድ ነው፤ ጎበዝ ነሽ፣ ጥሩ ነሽ፣ አትርሺኝ። ከሃያ ዓመት በኋላ ደብተሩን ስትከፍተው ግን የምታገኘው የጓደኞቿን እጅ፣ የጓደኞቿን ፊደል ነው። የአውሮፓም የአልበም ልማድ እንዲሁ ነበር፤ ሙዚቀኛው ሁለት መስመር ዜማ፣ ሠዓሊው ትንሽ ሥዕል፣ ገጣሚው አራት ስንኝ ጥሎ ይፈርማል። የሚሰበሰበው የባለቤቲቱ ውዳሴ ይመስላል እንጂ የእንግዶቿ መልክ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄ ደርሰናል፤ ወረቀቱን ማን አስቀመጠው? የሊንድ ባል ጎልድሽሚት ሚስቱ ከሞተች በኋላ ደብዳቤዎችንና ሰነዶችን ሰብስቦ ለሁለት ጸሐፊዎች፣ ለሆላንድና ለሮክስትሮ፣ ሰጠ። እነሱም በ1891 በሁለት ቅጽ የሕይወት ታሪኳን አወጡ፤ መጽሐፉ ከልደቷ እስከ 1851 ድረስ ያለውን ብቻ ነው የሚሸፍነው። ስለ ሊንድ ከዚያ በኋላ የተጻፈው ብዙው ነገር ከዚህ መጽሐፍ ተነሥቷል። ስለዚህ ታላቁ አድናቂ ባሏ ነው ማለት ይቻላል፤ የሌሎቹን አድናቆት በእጁ አሳልፎ የሰጠን እሱ ነውና። ሚስቱን የሚወድ ሰው ያሳለፈው ወረቀት ምን ዓይነት እንደሚሆን ለመገመት ብልሃት አይጠይቅም። ቤተ ዘመድ ባዘጋጀው የሙት ዓመት መጽሔት ላይ ስለ ሟቹ ክፉ ነገር አንብቦ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ይህ ሁሉ ግን ቀድሞ የተጻፈ ወረቀት ሲኖር ነው። ያቺን የቤት ሠራተኛ አስታወሳችኋት? ከሾፓን በፊት፣ ከሜንደልሰን በፊት፣ ከንግሥቲቱ በፊት የጄኒ ሊንድን ድምፅ ሰምታ ዋጋውን ያወቀች እሷ ናት። ደብዳቤ አልጻፈችም፤ ሮጣ ሄዳ ለእመቤቷ ተናገረች እንጂ። ታሪኩ ሲነገር የሚጠራው የእመቤቲቱ ስም ነው፤ እሷ ‹የሉንድበርግ ሠራተኛ› ሆና ቀርታለች። እኔን ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ነገሥታቱ የጻፉትን አጥተነው ቢሆን ብዙ አይጎድለንም ነበር፤ ይህች ሴት ያን ቀን ምን እንደሰማች የምትነግረን አንድ ገጽ ብትኖር ግን ሁሉንም ትበልጥ ነበር።

በእኛም አገር የዘፋኝ ክብር በአብዛኛው በወረቀት አልተገለጸም። አዝማሪው ግንባር ላይ ብር ይለጠፋል፤ ‹ተቀበል› ተብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም ወዲያው በመሰንቆው ይመልሰዋል። እዚህ አርሲ ውስጥ እናቶች ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው ሲወጡ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ደህና የምታወጣዋን ሴት ቀበሌው ሁሉ በስም ያውቃታል፤ በጽሑፍ ግን የለችም። ውዳሴው ከዘፈኑ ጋር አብሮ ያልቃል።

ነገር ግን ይህንን ዕጣ አልቀበልም ያሉ ሰዎች ነበሩን፤ የስዊድንም እጅ አለበት። በ1886 ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ ላይ ነፃ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የገባች አስቴር ጋኖ የምትባል ኦሮሞ ልጅ ነበረች። በዚያ ቀድሞ የተማረው፣ ስዊድን ድረስ ሄዶ የተመለሰው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነበር። አስቴር በልጅነቷ የሰማቻቸውን የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ እንቆቅልሾችና ምሳሌዎች ከልቧ እያወጣች ጻፈች፤ 500 ያህል ደረሱ። ከፊሎቹ ከኦኔሲሞስ ጋር በ1894 ባሳተሙት የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። ሁለቱ አብረው የሠሩበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ታተመ። አስቴር ማንንም መልአክ አላለችም። የሰማችውን እንደሰማችው መጻፏ ብቻውን ለእነዚያ ስማቸው ላልተመዘገበ ዘፋኞች የተጻፈ ውዳሴ ነው፤ እኔ ከዘውዳውያኑ ፊርማ ሁሉ አስቀድመዋለሁ።

እንግዲህ ልለምናችሁ የመጣሁት ነገር አለ። በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ደብዳቤ፣ የኦቶግራፍ ደብተር፣ ለአንድ ዘፋኝ ወይም ለአንድ ሯጭ ተጽፎ ሳይላክ የቀረ ግጥም ካለ አትጣሉት። በፌስታል አትጠቅልሉት፣ እርጥበት ይይዛል፤ ደረቅ ካርቶን ውስጥ አኑሩት። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ፣ ማን ለማን፣ የት፣ መቼ እንደጻፈው መዝግቡ። ተማሪዎች ደግሞ በመጪው ዕረፍት ሰፈራችሁ ውስጥ ደህና ታወጣለች ወደሚሏት እናት ሂዱ። ፈቃዷን ጠይቁ፣ ዘፈኗን በስልካችሁ ቅረጹ፣ በደብተራችሁም ጻፉ። ከላይ በመጀመሪያው መስመር ላይ የእሷን ሙሉ ስም አስቀምጡ፤ ከሥር ደግሞ መጀመሪያ የነገራችሁን ሰው ስም።